ከመጋዘን የመጣው ዱቄት

እናትዓለም ባሕር ዳር በገባች በሦስተኛው ቀን ጠዋት የእንጨት አልጋዋን ብቻዋን ጎትታ ከግቢው መሀል አወጣችና የፈላ ውኃ ታፈስበት ጀመር። ከየመጋጠሚያው እየተግተለተለ የሚወጣውን ትኋን ስታይ ዘገነናት፤ ግን ጥርሷን ነክሳ ማፍሰሷን ቀጠለች። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። እዚያ ቁንጫ ታውቃለች፣ ቅማልም ታውቃለች፤ ሌላውን ሁሉ ብርዱ ይጨርስላታል። እዚህ ግን ሙቀቱ ያልፈለፈለው ነገር አልነበረም።

ጊዜው የ1970 ዓ.ም. መስከረም ነው። ባሏ አንዳርጋቸው በአንድ የመንግሥት የዘርና የማዳበሪያ መጋዘን ንብረት ጠባቂ ሆኖ ከተዛወረ ሁለት ወር ሆኖታል። እሷንና የሦስት ዓመት ልጃቸውን የሺአረግን ያስመጣቸው ቀበሌው ቤት ሲሰጠው ነው። ቤቱ ከሐይቁ ዳር ብዙም የማይርቅ፣ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል፤ በየስንጥቁ ውስጥ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ።

ግቢው ቀድሞ የየኔታ ገብረ ኪዳን ነበር። የኔታ በአቅራቢያው ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ትርፍ ቤት ሲወረስ የፊተኛውን ቤት ቀበሌው ወሰደውና እሳቸውና ሚስታቸው ወለተ ሥላሴ በጓሮው አንድ ክፍል ቀሩ። እናትዓለም እነዚህን ሰዎች ገና ሳታያቸው ፈርታቸው ነበር። ቤታቸው ውስጥ ልትኖር ነው የመጣችው፤ ቢጠሏት ምን ይደንቃል? ነገር ግን ያን ዕለት ጠዋት አልጋው ላይ ውኃ ስታፈስ ወለተ ሥላሴ እንፋሎቱ የሚጨስ ማንቆርቆሪያ ይዘው ከጓሮ መጡ።

«ውኃሽ ቀዝቅዟል ልጄ» አሏት። «ትኋን በለብታ ውኃ ገላውን ይታጠባል እንጂ አይሞትም።»

እናትዓለም ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ወለተ ሥላሴ የአገሩን ተባይ እንደ ጎረቤት አንድ በአንድ አስተዋወቋት። የአልጋው እግሮች ውኃ በተሞሉ ጣሳዎች ውስጥ እንዲቆሙ አደረጉ። አመድ በበሩ ሥር ነሰነሱላት፤ ምስጥ የጀመረውን መቃን በላምባ እንድትቀባው ነገሯት። ላምባ ግን ከቀበሌው ሱቅ በወር አንድ ጠርሙስ ቢገኝ ነው፤ እሱም ለኩራዝ አይበቃም። ገብረ ጉንዳን በሰልፍ የገባ ቀን እናትዓለም መጥረጊያ አንሥታ ስትሮጥ ይዘው አስቀሯት። «አትታገይው። ልጅሽን ይዘሽ ነይ እኔ ዘንድ ተቀመጪ። ቤቱን ፈትሾ፣ በረሮውንም ጠራርጎልሽ ይሄዳል» አሏት። እውነትም ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ቤቱ ውስጥ አንድ በረሮ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ግን መልሶ ሞላ።

ያልተስማሙት በሸረሪቷ ነው። ግድግዳው ላይ እንደ ተለጠፈች የምትውል፣ እግሯን ስትዘረጋ መዳፍ የምታክል ጠፍጣፋ ሸረሪት ነበረች። እናትዓለም ባየቻት ቁጥር በጫማ ታባርራታለች።

«ተያት፤ ቢንቢ ትለቅምልሻለች» አሉ ወለተ ሥላሴ። «እኔ ቤት ሠላሳ ዓመት የኖረች አለች።»

«ያችው አንዷ?»

«እሷ ካልሆነች ልጇ ናት።»

ጥቅምት ሲገባ ቢንቢው ባሰ። አንድ ቀን ጠዋት የሺአረግ ስትነሣ ግራ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። ምን እንደነደፋት አልታወቀም፤ ጉንጯና አንገቷም በትኋን ንክሻ ተዥጎርጉሯል። ለአራት ቀን በትኩሳት ነደደች። ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ድሬሰር ቅባት ሰጣትና «ቤታችሁን አጽዱ» አላት። እናትዓለም ከመጣች ጀምሮ ቤት ከማጽዳት በስተቀር ሌላ የሠራችው አልነበረም። ልጇን አዝላ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች።

አንዳርጋቸው ከሥራ ሲገባ ልብሷን በሻንጣ አድርጋ ጠበቀችው።

«ወይ ቤት ቀይርልን ወይ ወደ እናቴ ስደደን» አለችው።

«ቤት ከየት አመጣለሁ? ይችንም ያገኘሁት ስንት ቀን ደጅ ጠንቼ ነው።»

«አንተ መድኃኒት ላይ ተቀምጠህ ነው የምትውለው። ለዘር ስንዴ የሚሰጥ መድኃኒት ለልጅህ አይሆንም?»

አንዳርጋቸው ፈሪ ሰው አልነበረም፤ ግን ጊዜው የፍርሃት ነበር። ከመጋዘኑ ሾፌሮች አንዱ «አሻጥረኛ» ተብሎ ከተወሰደ ወር አልሞላውም፤ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም። ቢሆንም የልጁን ዓይን አየ። በሳምንቱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ኮቱ ሥር ሸጉጦ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ይዞ መጣ። ጣሳው ውስጥ ያለው ግን ወተት አይደለም። እንደ ኖራ የነጣ፣ አፍንጫ የሚቆርጥ ሽታ ያለው ዱቄት ነበር።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አላት። «የመንግሥት ንብረት ነው። ከታወቀ አልቆልኛል።»

«ምን ላድርገው?»

«በየስንጥቁ ነስንሽው። እጅሽን ታጠቢ።»

ከዚህ በላይ አላላትም።

እናትዓለም በዶሮ ላባ እየጠለቀች የቤቱን ስንጥቅ በሙሉ፣ የአልጋውን መጋጠሚያ፣ የበሩን መቃን አዳረሰችው። በማግስቱ የሞተው ተባይ መጥረጊያዋ ሥር እንደ ምስር ተከመረ። ትኋኑም በረሮውም አለቀ፤ ያቺ ጠፍጣፋ ሸረሪትም እግሯን አጥፋ ጣሪያው ሥር ወድቃ ተገኘች። በዚያ ሳምንት የሺአረግ ሳታለቅስ፣ ገላዋን ሳታክክ አደረች። እናትዓለምም ከመስከረም ወዲህ እንቅልፍ ምን እንደሚመስል አወቀች።

ወለተ ሥላሴ ለውጡን ለማየት ሁለት ቀን አልፈጀባቸውም። የልጅቱን አንገት ዳሰስ አድርገው፣ «ምን አድርገሽ ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁ። እናትዓለም አመነታች። ባሏ የነገራት ጆሮዋ ላይ ነው። ግን እኒህ ሴትዮ በሁለት ወር ውስጥ እናት ሆነዋታል፤ ከሳቸው ደብቃ ምን ልትሆን? ነገረቻቸው። ጣሳውንም ከማገዶው ሥር አውጥታ አሳየቻቸው።

ወለተ ሥላሴ ጣሳውን አገላብጠው አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወንድሜ ከዘንዘልማ ያመጣልኝ ስንዴ ነቀዝ ገብቶበታል። የዓመት ቀለባችን እሱ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ከተወሰደ ወዲህ ሌላ የለንም። ለነቀዝ ይሆን ይሆን?» አሉ።

«ለዘር የሚሆን መድኃኒት ነው፤ ለእህል ምንም አይልም» አለች እናትዓለም።

ይህን ማንም አልነገራትም። ከራሷ ነው ያወጣችው። ሁለት እፍኝ ያህል በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው፤ በመስጠቷም ደስ አላት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሳቸው መቀበል እንጂ ለሳቸው የምትሰጠው ነገር ኖሯት አያውቅም ነበር።

በኅዳር ወር አንድ ዓርብ ጠዋት ወለተ ሥላሴ ከዚያ ስንዴ ሰፌድ ላይ አፍስሰው፣ ነቀዙንና ዱቄቱን በደንብ አበጥረው አውጥተው፣ ቆሎ ቆሉ። እሳቸውም የኔታም ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ ለማታ ነው ያሰቡት። አለበል የመጣው ቆሎው ገና ሳይቀዘቅዝ ነው።

አለበል የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጓድ ነው፤ ዕድሜው አርባን ያለፈ የአራት ልጆች አባት። ጠመንጃ ሳይሰጡት በፊት ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት ታንኳ ይቀዝፍ ነበር፤ ደቅ የተወለዱትን ወለተ ሥላሴን ስንት ጊዜ አመላልሷቸዋል። ከተረኛነቱ ሲወጣ በዚያ ግቢ ጎራ ብሎ ውኃ መጠጣት ልማዱ ነው። ያን ቀንም ውኃ ሰጡት፤ ቆሎም በሁለት እጃቸው ዘገኑለት። ቆሞ እያላመጠ ከየኔታ ጋር ስለ ሐይቁ ነፋስ ጥቂት ተጫወተ፤ የቀረውን ኪሱ ከትቶ ሄደ። የሺአረግ አጠገባቸው ስታንዣብብ ነበርና ወለተ ሥላሴ ለእሷም ጥቂት ፍሬ መዳፏ ላይ አደረጉላት። ልጅቱ እናትዓለም በሩ ላይ ሆና እያየቻት ግማሹን መሬት ላይ ጣለችው።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ የሺአረግ ታስመልስ ጀመር። እጅና እግሯ ይንቀጠቀጣል፤ ምራቋ ይዝረበረባል። እናትዓለም ወባ መሰላት። አዝላት ወደ ክሊኒኩ በሩጫ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ አራት ሰዎች አንድ ሰው በሳንቃ ተሸክመው እየገቡ ነው። አለበል ነበር። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ጠመንጃውን እንዳነገተ ነው የወደቀው። አፉ አረፋ ደፍቋል፤ ተረከዙ ሳንቃውን ይደበድባል። ኪሱ ተቀዶ ቆሎው በመንገዱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

እናትዓለም ቆሎውን አየች። ጀርባዋ ላይ የምትንቀጠቀጠውን ልጇን አሰበች። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት፤ በሩ ሥር ተቀመጠች።

የሺአረግ እስከ ማታ ስታስመልስ ውላ ተረፈች። አለበል ግን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይሆን ሞተ።

እናትዓለም ልጇን ይዛ ስትመለስ ግቢው በጠመንጃ ያዦች ተሞልቷል። ስንዴው ከነጆንያው ወጥቶ መሬት ላይ ተዘርግፏል፤ ከእህሉ መሀል ነጩ ዱቄት ይታያል። የኔታና ወለተ ሥላሴ ቀድመው ተወስደዋል። እሷን የነካት ሰው አልነበረም። እንዲያውም አንዱ ጓድ ልጅቱን አይቶ፣ «አይዞሽ እኅቴ፤ ደሟን እንበቀልላታለን» አላት።

አንዳርጋቸው ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ከተማው ሁሉ ሰምቷል። «ሰጠሻቸው?» ብሎ ጠየቃት፤ አዎ አለችው። ሊመታት እጁን አነሣ፤ ግን ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

«መርዝ መሆኑን ታውቅ ነበር?» አለችው።

«መጋዘን ያለው ከረጢት ላይ የራስ ቅል ሥዕል አለበት» አላት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለትኋን ነው ብዬ ነው። ሰው ይበላዋል ብዬ እንዴት ላስብ? እኔ የፈራሁት እንዳይነቁብኝ ነበር።»

እናትዓለም ልጇን ይዛ ተኛች፤ እሱ ግን ተቀምጦ ነጋለት።

እሑድ ጠዋት የቀበሌው ነዋሪ በሙሉ ለስብሰባ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ተጠራ። ያልመጣ ስሙ ይያዛል ስለተባለ የቀረ ሰው አልነበረም። የኔታና ሚስታቸው ከመድረኩ ሥር በባዶ እግራቸው ቆመዋል። የኔታ ጥምጣማቸው ተወስዶ ስለነበር ራሳቸው ነጭና ትንሽ ሆኖ ታየ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደሞዝ የሚባል ሰው ነው፤ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ የየኔታን ቀሚስ ራሱ ሰፍቶላቸው ያውቃል።

«ይህ አድኃሪ» አለ ደሞዝ፣ «ቤቱ ስለተወረሰበት ቂም ቋጥሮ፣ ከውጭ ጠላት መርዝ ተቀብሎ፣ ጓድ አለበልን ገደለ። የወዛደር ልጅም መረዘ።» ከዚያ ወደ የኔታ ዞረ። «አንተ፣ ከዚያ ቆሎ በልተሃል?»

«አንተ» ሲላቸው አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። 

«አልበላሁም» አሉ የኔታ።

«ለምን?»

«ዓርብ ነበረ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ።»

«ሚስትህስ?»

«እሷም ትጾማለች።»

ደሞዝ እጁን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ። «ሰማችሁ? ቆልተው ያበላሉ፤ እነሱ ግን አይቀምሱም!»

ከዚያ «የተመረዘችው ሕፃን እናት» ተብላ እናትዓለም ተጠራች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ የምትናገረውን በልቧ ይዛው ነበር። «ዱቄቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» የሚል ነው። ሌላ ምንም አይጨመርበትም። ስትነሣ አንዳርጋቸው የሺአረግን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ ቀና ብሎ አያት። አልለመናትም፤ አላስፈራራትምም። ከንፈሩ ብቻ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር።

«ለልጅሽ ቆሎውን ማን ሰጣት?» አለ ደሞዝ።

«እማማ ወለተ ሥላሴ።»

«ከዚያስ?»

«ታመመች።»

«እናመሰግናለን። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። አንድ ጥያቄ ቢጨምርላት ትናገር እንደነበር ለራሷ ስትነግር ዓመታት አለፉ። ግን ደሞዝ አልጨመረም፤ እሷም ሳትጠየቅ አልተናገረችም።

ወለተ ሥላሴ አዩዋት። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ የኔታ ቀደሙ።

«ዱቄቱን እህሉ ላይ የነሰነስሁት እኔ ነኝ» አሉ በማስተማር በተገራ ድምፃቸው፣ ለኋለኛው ወንበር እንዲሰማ አድርገው። «ለነቀዝ ብዬ ነው። ከገበያ ከማላውቀው ሰው ወሰድሁት። ሚስቴ አታውቅም።»

ከዚህ ሁሉ እውነቱ ለነቀዝ የሚለው ብቻ እንደሆነ አዳራሹ ውስጥ የሚያውቁት አራት ሰዎች ነበሩ።

ሰኞ ወለተ ሥላሴ ተለቀቁ። ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዳርጋቸው ሥራ ሲሄድ፣ እናትዓለም ጣሳውን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደች። ደሞዝ ብቻውን ነበር። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ የልጇን ዓይን፣ መጋዘኑን፣ በወረቀት ጠቅልላ መስጠቷን፣ «ለእህል ምንም አይልም» ማለቷን ሁሉ። ስትጨርስ እፎይ የምትል መስሏት ነበር።

ደሞዝ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

«እንግዲህ አልሰማሁሽም» አላት። «ሪፖርቱ ወደ በላይ አካል ሄዷል። ፈርሜበታለሁ። መርዙ ከውጭ ጠላት ነው የመጣው ብዬ ፈርሜያለሁ። አሁን ከመንግሥት መጋዘን ነው፣ እኔ ቤት ከሰጠሁት ሠራተኛ እጅ ነው የወጣው ልበል? ባልሽ ነገ ይረሸናል። እኔ ከነገ ወዲያ እከተለዋለሁ። ሽማግሌውንስ ይለቁታል ብለሽ ነው? የያዙትን መልቀቅ አያውቁበትም።»

«የኔታ ምንም አላደረጉም» አለች።

«አውቃለሁ» አለ ደሞዝ። «የስንዴው ጆንያ ሲዘረገፍ እዚያው ነበርኩ። ሰው ለመግደል ያሰበ የራሱን ቀለብ ሁሉ አይመርዝም። አውቃለሁ እኮ ነው የምልሽ።» ጣሳውን በእጁ ሳይነካ በመዝገብ ጫፍ ወደ እሷ ገፋው። «ይዘሽልኝ ውጪ። መፀዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጣይው።»

ወጣች። እንዳላትም አደረገች።

ወለተ ሥላሴ በየቀኑ ሽሮና እንጀራ በሳሕን አድርገው፣ በጨርቅ ቋጥረው፣ ወደ እስር ቤቱ ይሄዳሉ። ሳሕኑ ባዶውን ሲመለስ የኔታ በሕይወት አሉ ማለት ነው። እናትዓለም ከጓሮው በኩል ሲወጡና ሲገቡ በመስኮት ታያቸዋለች። አንድ ሁለቴ ሽሮ ይዛ ሄዳ ነበር፤ «አለኝ» ይሏታል፤ ሌላ ቃል አይጨምሩም። በዚህ መሀል ትኋኑ ተመልሶ ነበር። እንቁላሉ ስንጥቁ ውስጥ ተርፎ ኖሮ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ግድግዳውን መልሶ ሞላው። እናትዓለም ውኃ አፍልታ አፈሰሰችበት፤ አንዳርጋቸውም ጭቃ አቡክቶ ስንጥቁን ደፈነ። ሁለቱም ስለሱ አልተነጋገሩም። ስለሌላውም ነገር መነጋገር ትተው ነበር።

በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ቀን ወለተ ሥላሴ ከእስር ቤቱ ቶሎ ተመለሱ። ሳሕኑ እንደ ተቋጠረ ነው። ዘበኛው «ከዛሬ ጀምሮ እንዳታመጪ» ብሏቸዋል። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ በከተማው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ማልቀስም፣ ለቅሶ መቀመጥም ክልክል ነው። ወለተ ሥላሴ በራቸውን ገርበብ አድርገው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

እናትዓለም ገባችና ከእግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ሽንብራ የመሰለ ዕንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ ድምፅ እንዳይወጣት ነጠላዋን ነክሳለች።

«ለምን ስሜን አልጠሩም?» አለች በመጨረሻ። «አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ...»

«እጠራው ነበር» አሉ ወለተ ሥላሴ። «ውሸት ምን ያደርግልኛል? እሑድ ተነሥተሽ ስትቀመጪ ስምሽ ምላሴ ላይ ነበረ። እሳቸው ናቸው የከለከሉኝ። ዓርብ ዕለት፣ ገና ሲወስዱን፣ መንገድ ላይ ነገሩኝ። ‹እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ያቺ ሕፃን ያለ አባት አትቅር› አሉኝ። እሺ አልሁ። ባላቸው ቃል ሠላሳ ስምንት ዓመት እሺ ስል ኖሬ ያን ቀን እንቢ ማለት አልቻልሁም።»

«ለሊቀ መንበሩ ሄጄ ነግሬዋለሁ። ማክሰኞ ዕለት። አልሰማም አለኝ።»

«ማክሰኞ» አሉ ወለተ ሥላሴ።  «እሑድ ቢሆን ኖሮስ?»

 እሑድ ብትናገር ኖሮ የኔታ ይተርፉ እንደሆነ እናትዓለምም አታውቅም፤ ደሞዝ አይተርፉም ብሏታል። ግን ይህን ለሳቸው መናገር ራስን ማዳን መሰላት። 

«አሁን ሂጂ» አሏት። «ልጅሽ ትፈልግሻለች። እኔም ልተኛ።»

ጥር ሲገባ ወለተ ሥላሴ ደቅ ወደምትኖረው እኅታቸው ሊሄዱ ተነሡ። ያላቸው አንድ ሣጥን፣ ሁለት የብራና መጻሕፍትና የተጠቀለለ አጎዛ ነው። አንዳርጋቸው ጠዋቱን በማለዳ ተነሥቶ ሣጥኑን ከቤት አውጥቶ በሩ ላይ አስቀመጠላቸውና ዓይናቸውን ሳያይ ወደ ሥራው ሄደ። ሊሰናበታቸው አልደፈረም። እናትዓለም ሣጥኑን በጀርባዋ ተሸክማ እስከ ሐይቁ ዳር ተከተለቻቸው፤ እሳቸውም አልከለከሏትም።  ጀልባው እንጨት አራግፎ ሰውና እህል እየጫነ ነበር። ባለ ጀልባው ሣጥኑን ተቀበላት።

እናትዓለም እግራቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው አስቀሯት።

«የልጅሽን ስም በጸሎቴ አነሣለሁ» አሏት። «ያንቺን ግን እስካሁን አልቻልሁም። እሞክራለሁ።»

ከዚያ የባለ ጀልባውን እጅ ይዘው ገቡና ከእህል ጆንያው አጠገብ ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው ተቀመጡ። እናትዓለም ጀልባው እስኪርቅ ቆመች። አንድ እንጨት ተሸካሚ «እኅቴ፣ መንገድ ልቀቂ» ሲላት ነው ከዚያ የተነሣችው።

አንዳርጋቸው ዝውውር ቢጠይቅም አልተፈቀደለትም፤ እዚያው ቤት ኖሩ። የጓሮውን ክፍል ቀበሌው ለሌላ ሠራተኛ ሰጠው። ሁለት ዓመት አልፎ በሐምሌ ወር ሀብተ ሥላሴ የሚባል ከደቅ የሚመላለስ ባለ ጀልባ ግቢውን ጠይቆ መጣ። እማማ ወለተ ሥላሴ በሰኔ ማለቂያ ማረፋቸውን ሊነግር ነው የመጣው፤ ቤታቸው የነበረው እዚህ ነው ስላሉት ዘመድ ያለ መስሎት ነበር። እናትዓለም በጣሳ ውኃ ሰጠችው፤ ቆሞ ጠጣ።

«ሲያርፉ የተናገሩት ነገር ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«ለማን?» አለ ሀብተ ሥላሴ።

«ለማንም» አለች።

 «እኔ አልነበርሁም» አላትና ጣሳውን መለሰላት።